ምዕራፍ ሰባት፦ ሚዛኑን የሚመረምረው ችሎት

በምዕራፍ ሁለት የአገሪቱ ፍርድ ቤቶች ከወረዳ እስከ ጠቅላይ በእርከን መዋቀራቸው፣ በምዕራፍ አምስት ደግሞ ይግባኝ ማለት አንድን ክርክር ለበላይ ፍርድ ቤት እንደገና ማቅረብ መሆኑ ተብራርቷል። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው በእርከኑ ጫፍ ላይ በተቀመጠው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ላይ ነው። ይህ ችሎት ዛሬ የቤት ሽያጭ ክርክር፣ ነገ የልጅ አስተዳደግ ጉዳይ፣ ከነገ ወዲያ የኮንትሮባንድ ወንጀል ወይም የጉልበት ሠራተኛ የደመወዝ ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል። ዳኞቹ በእነዚህ ሁሉ መስኮች የተለየ ሊቅነት አላቸው ብሎ መገመት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ አንባቢ እንዲህ ያሉ የማይመሳሰሉ ጉዳዮች በአንድ ችሎት በምን መንገድ ይወሰናሉ ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

መልሱ በአንድ ሐሳብ ይጠቃለላል። ሰበር ሰሚ ችሎት ማን ምን አደረገ የሚለውን ክርክር እንደገና አይሰማም፤ የሥር ፍርድ ቤቶች በተረጋገጠው ነገር ላይ ሕጉን በትክክል ተግብረዋል ወይ የሚለውን ብቻ ይመረምራል። የሕጉ መስክ ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው። ይህን አንድ ጥያቄ በሚገባ የተረዳ ሰው፣ የሕግ ትምህርት ባይኖረውም፣ የችሎቱን ውሳኔዎች አንብቦ መከተል ይችላል።

ፍሬ ነገር እና ሕግ

በማንኛውም ክርክር ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች ተጣምረው ይገኛሉ። አንደኛው የፍሬ ነገር ጥያቄ ሲሆን፣ የሆነውን ነገር በምስክር፣ በሰነድ ወይም በሌላ ማስረጃ ማጣራትን ይመለከታል። ሁለተኛው የሕግ ጥያቄ ሲሆን፣ ለተጣራው ነገር ሕጉ የሚሰጠውን ውጤት መወሰንን ይመለከታል።

ልዩነቱን ለማየት በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ አብርሃ ጅራ ከተማ፣ በመኸር ወራት የሚካሄደውን የሰሊጥ ግብይት ማሰብ ይጠቅማል። ገበሬው ኩንታሉን ሚዛን ላይ ያወጣል፣ መዛኙ ክብደቱን ያነባል፣ ሂሳቡም በዚያ ይሠራል። ገበሬው በተነበበው ክብደት ካልተስማማ ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች ሊያቀርብ ይችላል። ኩንታሉ በጥንቃቄ አልተመዘነምና እንደገና ይመዘን ሊል ይችላል፤ ወይም ደግሞ ሚዛኑ ራሱ የተዛባ ስለሆነ የሚያነበው ሁሉ ስህተት ነው ሊል ይችላል። የመጀመሪያውን አቤቱታ ለመፍታት ሰሊጡን እንደገና ማንሳት ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ለመፍታት ግን ሰሊጡን መንካት አያስፈልግም፤ ሚዛኑን መመርመር ይበቃል።

የወረዳ ፍርድ ቤት ሰሊጡን የሚመዝን ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እንደ ሁኔታው ደግሞ ሊመዝን ይችላል። ሰበር ሰሚ ችሎት ግን መዛኝ አይደለም፤ የሚዛን መርማሪ ነው። ስለዚህ ምስክሬ አልታመነልኝም ወይም ተከራካሪዬ ዋሽቷል የሚል አቤቱታ ይዞ ወደ ሰበር የሚሄድ ሰው፣ ጉዳቱ እውነት ቢሆን እንኳ፣ የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው።

የሁለቱ ጥያቄዎች ድንበር ግን ሁልጊዜ በግልጽ የተሰመረ አይደለም። ለሰሊጥ አረም የብር 20,000 ብድር ሰጥቻለሁ የሚል ከሳሽ ሁለት ምስክሮች አቅርቦ የወረዳው ፍርድ ቤት አምኗቸው ፈረደለት እንበል። ምስክሮቹ ታማኝ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው የፍሬ ነገር ጥያቄ ስለሆነ ሰበር አይገባበትም። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም በመሐላ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ብድር በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል ወይ የሚለው ንጹሕ የሕግ ጥያቄ ነው፤ ሰበር ሰሚ ችሎትም ምስክሮቹን ጠርቶ አንድ ቃል ሳይጠይቃቸው ፍርዱን መመርመር ይችላል። ማስረጃን ማመን የመመዘን ሥራ ሲሆን፣ የትኛው ዓይነት ማስረጃ ለየትኛው ጉዳይ ይፈቀዳል የሚለው ግን የሚዛኑ አካል ነው።

ከአብርሃ ጅራ እስከ አዲስ አበባ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 80 ሁለት የሰበር ሥልጣኖችን አቋቁሟል። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሆነ የሕግ ስህተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር አይቶ ያርማል። የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በበኩሉ በክልል ጉዳዮች ላይ በተሰጠ የመጨረሻ ውሳኔ ውስጥ እንዲህ ያለ ስህተት ሲገኝ በሰበር ያያል። የመጨረሻ ውሳኔ ማለት በመደበኛው የይግባኝ መንገድ ሊሄድበት የማይቻል፣ ያለቀለት ፍርድ ማለት ነው።

በአብርሃ ጅራ የሚነሳ የይዞታ ወይም የውል ክርክር በተለመደው አካሄዱ ከወረዳው ፍርድ ቤት ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወደሚገኘው የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የሕግ ስህተት አለበት ከተባለም በክልሉ ሰበር ሰሚ ችሎት ይታያል። ከዚያ በኋላ ወደ ፌዴራሉ ሰበር የሚያልፈው ጉዳይ ጥቂት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የክልል ጉዳዮች ወደ ፌዴራሉ ሰበር የሚደርሱበትን በር አጥብቦታል። የክልሉ ውሳኔ ከፌዴራሉ ሰበር አስገዳጅ ትርጉም ጋር መቃረኑ፣ ወይም ጉዳዩ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከትና አገራዊ ፋይዳ ያለው መሆኑ መታየት አለበት።

ድንበር ላይ የምትገኘው መተማ ዮሐንስ ግን ሌላ ዓይነት ጉዳይም ታስነሳለች። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት የሚቀርብ የኮንትሮባንድ ክስ የክልል ሳይሆን የፌዴራል ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ስለሰጠ፣ ክሱ በክልሉ ዳኞች ሊታይ ይችላል፤ ዳኛው የክልል ቢሆንም የሚዳኘው ግን በፌዴራል ሥልጣን ነው። ይህ በመሆኑም የሰበር አቤቱታው መዳረሻ አዲስ አበባ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነዋሪዎች፣ አንዱ በይዞታ ሌላው በኮንትሮባንድ ጉዳይ፣ ከአንድ የፍርድ ቤት ግቢ ተነስተው በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሚጓዙበት ምክንያት ይህ ነው።

አቤቱታው ከደረሰ በኋላ በመጀመሪያ የሚያየው ሦስት ዳኞች ያሉበት አጣሪ ችሎት ነው። አጣሪው ችሎት ውሳኔው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ሊኖርበት ይችላል ብሎ ካመነ ጉዳዩ ለሰበር ያስቀርባል ይላል፤ ካላመነ አያስቀርብም ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ያስቀርባል የተባለው ጉዳይ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ለሚሰየሙበት ችሎት ይቀርባል፤ አመልካችና ተጠሪ ክርክራቸውን ካሰሙ በኋላም የሥር ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ይጸናል፣ ይሻሻላል፣ ይሻራል፣ ወይም ጉዳዩ እንደገና እንዲጣራ ይመለሳል።

መሠረታዊ የሕግ ስህተት ሲባል

እያንዳንዱ ስህተት መሠረታዊ አይደለም። ፍርዱን ለሰበር የሚያበቃው ስህተት ፍትሕን የሚያዛባና የውሳኔውን ውጤት የሚለውጥ መሆን አለበት። ለረጅም ዓመታት የዚህ ሐረግ ትርጉም በራሱ በችሎቱ ልማድ ሲወሰን ከቆየ በኋላ፣ አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ዋና ዋናዎቹን ዓይነቶች ዘርዝሯል። ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ፍርድ፣ የሕግን ድንጋጌ በተሳሳተ መንገድ የተረጎመ ወይም ጉዳዩን የማይመለከተውን ሕግ የጠቀሰ ፍርድ፣ ለክርክሩ ተገቢ የሆነውን ጭብጥ፣ ማለትም መወሰን ያለበትን ዋና ጥያቄ፣ ያልያዘ ፍርድ፣ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ሳይኖረው የሰጠው ፍርድ፣ ፍርድ ቤት ሊያየው የሚገባውን ጉዳይ አላይም ብሎ የመለሰ ውሳኔ፣ በአፈጻጸም ጊዜ ከዋናው ፍርድ ጋር የማይገናኝ ትእዛዝ፣ እንዲሁም ቀድሞ የተሰጠን አስገዳጅ የሰበር ትርጉም የተላለፈ ፍርድ ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ዝርዝሩን በጥሞና ላየው ሰው አንድም ቦታ ላይ ምስክር መታመን ወይም አለመታመን አልተጠቀሰም፤ የተዘረዘሩት ሁሉ የሚዛኑ ጉድለቶች ናቸው።

አንድ ጥያቄ በብዙ መስኮች

ይህ አንድ ጥያቄ በተለያዩ የሕግ መስኮች እንዴት እንደሚሠራ በተግባር ማየት ያስፈልጋል።

ከውል ሕግ ይጀመር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ሽያጭን የሚመለከተው አንቀጽ 2877 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ ነው ሲል ስለ ምዝገባ አያነሳም። ቤቱን የገዛው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሻጩም ፈርሞ፣ ውሉ ግን ሳይመዘገብ ቢቀር ሽያጩ አለ ወይስ የለም? ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ ለዓመታት የተለያየ ፍርድ ሲሰጡ ቆይተዋል። ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ሁለቱ ድንጋጌዎች በአንድነት መነበብ እንዳለባቸውና ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ወሰነ። ችሎቱን ያከራከረው የክፍያው ጉዳይ ሳይሆን የሕጉ ትርጉም ነበር። ውሳኔው በብዙ ገዢዎች ላይ ከባድ ውጤት ስላስከተለ፣ ችሎቱ በኋላ በመዝገብ ቁጥር 36887 ሻጩ ውሉን መፈጸሙን ካልካደ ያለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው በማመልከት የቀደመውን አቋም አለዝቧል።

በቤተሰብ ሕግ ረገድ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የተሰጠው ውሳኔ ከሁሉም በላይ ይጠቀሳል። እናቱ የሞተችበትንና ለዓመታት በአክስት እጅ ያደገን ልጅ አባቱ እንዲረከበው የክልል ፍርድ ቤቶች ወስነው ነበር፤ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት አንደኛው ወላጅ ሲሞት ሞግዚትነቱ የሌላኛው ወላጅ ነው የሚለውን ድንጋጌ በቀጥታ ተከትለዋል። ሰበር ሰሚ ችሎት ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት መሠረት አድርጎ፣ የሞግዚትነት ድንጋጌ መነበብ ያለበት የልጁን ደኅንነትና ጥቅም በሚያስቀድም መንገድ እንደሆነ በመግለጽ ውሳኔውን ሻረ። በዚህ ውሳኔ ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንድ ልጅ ዕጣ ላይ የሚሠራ ሕግ መሆኑ ተረጋገጠ።

የሠራተኛ ጉዳይ ለቆላው ነዋሪ ይበልጥ ቅርብ ነው። በየዓመቱ ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ከደጋው ወደ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ የሚወርደው ሠራተኛ ብዙ ነው። አንድ ሠራተኛ ስንት ቀን እንደሠራና በስንት ብር እንደተስማማ ማጣራት የፍሬ ነገር ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሥራ ውል በመርሕ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ እንደሚቆጠር ይደነግግና፣ በየዓመቱ እየተደጋገመ በተወሰነ ወቅት የሚሠራ ሥራን ለተወሰነ ጊዜ ውል ሊደረግባቸው ከሚችሉ ሥራዎች መካከል በአንቀጽ 10 ያስቀምጣል። ዓመቱን ሙሉ የእርሻ መጋዘን የሚጠብቅን ሰው ወቅታዊ ሠራተኛ ነህ ብሎ ያለ ካሳ ማሰናበት ይቻላል ወይ የሚለው ክርክር፣ ቀናቱ ከተቆጠሩ በኋላ የሚቀር የሕግ ጥያቄ ነው።

በወንጀል ሕግም አካሄዱ ያው ነው። ኮንትሮባንድ ጭኖ ተይዟል የተባለ ሾፌር ስለ ጭነቱ ያውቅ እንደነበር ማረጋገጥ የፍሬ ነገር ሥራ ነው። ዕውቀቱ ሳይረጋገጥ መኪናውን በመንዳቱ ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ግን፣ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 57 ሰው የሚቀጣው አስቦ ወይም በቸልተኝነት ጥፋት ሲፈጽም ነው ካለው መርሕ ጋር የሚመዘን የሕግ ጥያቄ ነው።

በንግድ ረገድ ደግሞ የግልግል ዳኝነት፣ ማለትም ተዋዋዮች ራሳቸው በመረጧቸው ዳኞች ክርክራቸውን የሚጨርሱበት ሥርዓት፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተዋዋዮቹ የግልግል ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል ብለው ከተስማሙ ሰበር ሊያየው ይችላል? ችሎቱ ቀደም ሲል አይቻልም የሚል አቋም ነበረው፤ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 42239 ግን የተዋዋዮች ስምምነት የሕገ መንግሥቱን የሰበር ሥልጣን ሊያስቀር አይችልም ብሎ ለወጠው። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ ተዋዋዮቹ በስምምነት የሰበርን መንገድ እንዲዘጉ ፈቀደ። ፍርድ ቤትና ሕግ አውጪ በዚህ መልኩ እርስ በርስ እየተማማሩ ሕጉን ይቀርጹታል።

ለአንዱ የተፈረደው ለሁሉ

እስከ አሁን የተነገረው ሰበር አንድን ፍርድ እንዴት እንደሚያርም ነው። ከዚህ የሚልቀው ግን የእርማቱ ስፋት ነው። የተዛባ ሚዛን ሲስተካከል የሚጠቀመው አቤቱታ ያቀረበው ገበሬ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የሕግ ትርጉም ሲታረምም ከዚያ በኋላ በዚያ ሕግ የሚዳኝ ሁሉ ይነካል። ይህ ሐሳብ በኢትዮጵያ በሕግ የተደነገገው በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ሲሆን፣ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች በተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጥ የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድ ወስኗል። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይህን አጽንቶ፣ ቀድሞ የተሰጠን አስገዳጅ ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲሰየሙ አድርጓል። ውሳኔዎቹም ከ20 በሚበልጡ ቅጾች ታትመዋል።

የዚህን እርምጃ ክብደት ለመረዳት ከየት እንደተመጣ ማስታወስ ይጠቅማል። ጥንት የመጨረሻው ፍርድ የንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ በንጉሡ ስም የሚፈርደው ከፍተኛ ዳኛ፣ አፈ ንጉሡ፣ ከተናገረ በኋላም አቤት የሚባለው ወደ ዙፋን ችሎት ነበር፤ እዚያ የተሰጠው ፍርድ ለባለጉዳዩ መፍትሔ ቢሆንም ለሌላው ዳኛ በጽሑፍ የሚደርስ መመሪያ አልነበረም። ሰበር በዘመናዊ መልኩ የገባው በ1980 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 9/1980 ነው። የሰበር ሥርዓት መነሻ የሆነችው ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1790 የሰበር ፍርድ ቤት ስታቋቁም ዳኞች ከሕጉ እንዳይወጡ ለመጠበቅ ነበር፤ በዚያ አገር የሰበር ውሳኔ ዛሬም ቢሆን ሌሎች ፍርድ ቤቶችን በሕግ አያስገድድም። እንግሊዝና አሜሪካ ደግሞ የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የበታቹን ያስገድዳል የሚለውን ልማድ ይከተላሉ። ኢትዮጵያ በመድበል የተጻፈ ሕግን ከአስገዳጅ ውሳኔ ጋር በማጣመር የራሷን መንገድ ይዛለች።

ይህ ጥምረት ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተመሳሳይ ጉዳይ በጎንደር አንድ ዓይነት፣ በጅማ ሌላ ዓይነት ፍርድ እንዳያገኝ ይጠብቃል። ጥቅሙ እውን የሚሆነው ግን ትርጉሞቹ በጊዜው ለወረዳ ዳኛ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለጠበቃ ሲደርሱና እርስ በርስ ሳይጋጩ ሲጸኑ ነው።

የችሎቱ ዳር ድንበር

ሰበር ሰሚ ችሎት የበላይ ቢሆንም ገደብ አለው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 62 እና 83 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የተሰጠ ሲሆን፣ ጉዳዩን አጣርቶ የሚያቀርብለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። የሰበር ውሳኔ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ተብሎ ወደዚያ ሊቀርብ ይችላል። ሁለተኛው ገደብ ከክልሎች ሥልጣን ጋር የተያያዘ ነው። ክልሎች የራሳቸውን የመሬት አስተዳደርና የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ፤ ለምሳሌ የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 የክልሉ ሕግ ነው። የክልሉ ሰበር በክልሉ ሕግ ላይ የሰጠውን ትርጉም የፌዴራሉ ሰበር እንደገና ማየቱ ተገቢ ነው ወይ የሚለው በሕግ ሊቃውንት ዘንድ ሲያከራክር የቆየ ጉዳይ ነው። አንዱ ወገን ለአገር አንድ ወጥ የሕግ ትርጉም ያስፈልጋል ሲል፣ ሌላው የፌዴራል ሥርዓት ትርጉም የሚኖረው ክልል በራሱ ሕግ ላይ የመጨረሻ ቃል ሲኖረው ነው ይላል። በ2013ቱ አዋጅ የተደረገው ማጥበብ በሁለቱ መካከል የተወሰደ ሚዛናዊ እርምጃ ሲሆን፣ የክልል ሰበር ችሎቶችን ሥራ ማክበር ወደ ሩቅ ከተማ መጓዝ ለማይችል ባለጉዳይም ይጠቅማል።

ከዚህ ምዕራፍ አንባቢ ሊይዘው የሚገባው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው። ሰበር ሰሚ ችሎት በሥር ፍርድ ቤት ያልቀረበን ሰነድ አይቀበልም፣ ያልተሰማን ምስክር አይጠራም፤ የሚሠራው ወረዳው ባጣራው ፍሬ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ በአብርሃ ጅራም ሆነ በሌላ ወረዳ የሚከራከር ሰው ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፣ የቤት ግዢውን ያስመዝግብ፣ ብድሩን ያስፈርም፣ ማስረጃውንም ገና በመጀመሪያው ችሎት ሙሉ አድርጎ ያቅርብ። ፍርድ ሲሰጥም ዳኛው የጠቀሰውን ሕግና የያዘውን ጭብጥ በጽሑፍ ጠይቆ ይረዳ፤ የበላይ ፍርድ ቤት ስህተቱን ማረም የሚችለው ስህተቱ ተለይቶ ሲቀርብለት ነውና።